ስሙ የተጠራ ሥር

አቶ ሂርጳ ጎበና ያን ዕለት ጠዋት ከእንጦጦ ራጉኤል ቁልቁል ሲወርዱ ከራሳቸው ጋር እየተጣሉ ነበር። የየካ ሰው የሚያውቃቸው በጭርት መድኃኒታቸው ነው። የሕፃናትን ራስ እየመለጠ የሚያሳክከውን ያን ክፉ በሽታ ከአባታቸው በተማሩት ሥር ሲያድኑ ኖረው፣ በስተርጅናቸው መድኃኒቱ ከዳቸው። አንዱን ያድናል፣ ሌላውን ይተዋል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሳየች ባለፈው እሑድ የልጇን ራስ ገልጣ፣ «አባባ ሂርጳ፣ ምነው መድኃኒትዎ ሞተ?» ብላ በሰው ፊት ጠየቀቻቸው። ከዚያ ወዲህ እህል አልጣማቸውም፤ አንድ ቦታ ቁጭ ማለትም አልሆነላቸውም።

መድኃኒት ለምን እንደሚሞት ያውቃሉ፤ ወይም የሚያውቁ ይመስላቸዋል። ስሙ ሲጠራ ነው። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ በጆሯቸው አንሾካሹከው፣ «ስሙ ከአፍህ ከወጣ ይረክሳል» ብለዋቸዋል። ታዲያ ማን ጠራው? በቤታቸው ከመጨረሻ ልጃቸው ከኢፍቱ በቀር ሰው የለም። ኢፍቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ለማትሪክ ትዘጋጃለች። በዚያ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ሰዎች በትምህርት ቤቷ ባቋቋሙት የኬሚስትሪ ክበብ እየገባች ስለ ቅጠልና ስለ ሥር ማውራት ጀምራለች። ሽማግሌው ይህን ከዚያ ጋር ደመሩና ፈረዱ፤ ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስቀሯት። «አንድ ቃል አልተናገርኩም» ብላ ምላ ነበር፣ አልሰሟትም። ፈተናው ደግሞ እየደረሰ ነው።

በዚህ ሐሳብ እየተብሰለሰሉ ኪዳነ ምሕረትን አልፈው የባሕር ዛፉን መንገድ ሲይዙ፣ አንዲት ወጣት ሴት ከመንገዱ ዳር ተንበርክካ አፈር ስትጭር አዩ። ሱሪ ለብሳለች፤ አጠገቧ የሸራ ቦርሳ ተቀምጧል። በእጇ የያዘችውን ሲያዩ ክው አሉ። የእርሳቸው ሥር ነው!

«ማን ነገረሽ?» አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

ወጣቷ ደንግጣ ተነሣችና እጇን በሱሪዋ ጠርጋ እጅ ነሣች። «እንደምን አደሩ አባባ? ምኑን?»

«የያዝሽውን ነዋ! ማን አሳየሽ?»

«ይህንን? ኧረ ማንም አላሳየኝ። ቱልት እኮ ነው።»

አቶ ሂርጳ ሁለት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፈኑ። ሦስት ትውልድ የጠበቀው ስም በጠራራ ፀሐይ እንደ ጎመን ተጠራ! ቱልትን የማያውቅ ማን አለ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እውነቱን ነው። በየአጥሩ ሥር የሚበቅል፣ ሰው ረግጦት የሚያልፈው አረም ነው። ምስጢሩ አረሙ ጭርትን የሚያድን መሆኑ ነበር፤ ያንንም ቢሆን በድንጋጤያቸው ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ወጣቷ አንዴ የሽማግሌውን ፊት፣ አንዴ ከጋቢያቸው ሥር ብቅ ያለውን መቆፈሪያ አየችና ገባት።

«የኢፍቱ አባት ነዎት? የጭርቱ መድኃኒት አዋቂ? ስምዎን ስሰማ ነው የኖርኩት። እኔ አስቴር እባላለሁ። በዩኒቨርሲቲ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ቡድን ውስጥ ነው የምሠራው።»

«ኦርጋኒኩ ደግሞ ምንድን ነው? የቀበሌ ነው?»

አስቴር ሳቋን ዋጠች። «አይደለም አባባ። ሥር በሽታ ሲያድን መላው ሥር አይደለም የሚያድነው፤ በውስጡ ያለ አንድ ነገር ነው። እኛ ያን ነገር ለይተን እናወጣለን። ቡድናችን ከዚህ ተራራ ዕፀዋት ማንም ከዚህ በፊት ያላወቃቸውን ንጥረ ነገሮች አውጥቷል። የውጭ አገር ሊቃውንት የጻፍነውን አንብበው ሥራውን በየቤተ ሙከራቸው ደገሙት፤ እንዳልነውም ሆኖ አገኙት።»

«እንግዲያ ስሙን እየጠራችሁ ለባዕድ ትሰጣላችሁ!»

«እንጠራዋለን። ካልጠራነው ሌላው እንዴት ይሞክረዋል? ካልሞከረውስ ስሕተታችንን ማን ያሳየናል? ደግሞም ብቻችንን አንዘልቀውም አባባ። ከውጭ ያዘዝነውን ኬሚካል ስንጠብቅ መንፈቅ ያልፋል፤ የተሰበረ ብርጭቆ እንኳ የሚተካልን የለም። ተተኪ ካላፈራን ሥራው ከእኛው ጋር ይቀበራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤት የምንመላለሰው ለዚህ ነው። ለመሆኑ ኢፍቱ ምን ሆና ቀረች?»

«አንቺው ታውቂዋለሽ! ምስጢሬን ያወጣችው ላንቺ አይደለም?»

«ኢፍቱ?» አስቴር ከልቧ ደነገጠች። «አባባ፣ አንድ ቀን ተማሪዎቹን በቤታችሁ ለመድኃኒት የሚሆን ተክል አምጡ ብለናቸው ነበር። ጤና አዳሙን፣ ዳማከሴውን፣ ሁሉም ይዞ መጣ። ባዶ እጇን የመጣችው ኢፍቱ ብቻ ናት። የመድኃኒት አዋቂ ልጅ ባዶ እጇን ብለው ሳቁባት። አንገቷን ደፋች እንጂ ትንፍሽ አላለችም።»

አቶ ሂርጳ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አፈሩ። ልጃቸውን እንደ ሌባ ማየታቸው አንገበገባቸው። ሆኖም ሽማግሌ በአንድ ቃል አይረታምና ብዙም ሳይቆዩ ቀና አሉ።

«እሺ፣ እርሷ አልተናገረችም እንበል። ታዲያ መድኃኒቱን ማን ገደለው?»

«እርሱን እኔም አላውቅም። ግን ልጠይቅዎ፤ ሥሩን የት ነው የሚያደርቁት?»

«ድሮ በሣር ቤቴ ጓዳ ሰቅዬ ነበር። ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ ማግስት ግን ቀበሌው ቆርቆሮ አከፋፈለንና ቤቱ ታደሰ። አሁን ጣራው ላይ ማስጣት ነው፤ ባንድ ቀን ድርቅ ይላል።»

«መድኃኒቱስ መክዳት የጀመረው መቼ ነው?»

ሽማግሌው «ከቆርቆሮው...» ብለው ጀመሩና ቃሉን ከአፋቸው መለሱ። ወዲያውም ተቆጡ። «የለም፣ የለም! ይህ አያሳምነኝም። ልጅቷም ባትሆን ስሙን ሌላ ሰው ጠርቶት ይሆናል። የድሮው ሥር ያድን የነበረው ስሙ ስላልተጠራ፣ የአሁኑ የከዳው ስለተጠራ ቢሆንስ? በምን ትለይዋለሽ?»

አስቴር እጆቿን አጨበጨበች። «ይህን ጥያቄ ከተማሪዎቼ መካከል አንዱ ቢጠይቀኝ እስመዋለሁ! በምን እንደምንለየው ልንገርዎ። አንድ ሥር ይቁፈሩ። ለሁለት ይሰንጥቁትና በሁለቱም ላይ ስሙን ጮክ ብለን እንጥራ። ግማሹ ቆርቆሮ ላይ ይሰጣ፤ ግማሹ እንደ ድሮው ጓዳ ይሰቀል። የገደለው ስሙ ከሆነ ሁለቱም ይሞታሉ። ቆርቆሮው ከሆነ ግን የጓዳው ይተርፋል።»

 አቶ ሂርጳ መቆፈሪያቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። አስቴር ስሙን ስትጠራ ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር።

የሚቀጥለው ሰኞ ኢፍቱ ትምህርት ቤት ተመለሰች። አባቷ «ሂጂ» ከማለት በቀር ምክንያቱን አልነገሯትም። እርሳቸው በበኩላቸው ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓዳ እየተመላለሱ ሁለቱን ሥሮች ሲጎበኙ ሰነበቱ። ሥሮቹ ሲደርቁ ቅዳሜ ጠብቀው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከትምህርት ቤቱ ደረሱ።

አስቴር ሁለቱን ሥሮች ለየብቻ አስወቅጣ በአልኮል ዘፈዘፈቻቸው። ከዚያ በውሃ የተበጠበጠ የልብስ ሶዳ ለኢፍቱ ሰጥታ፣ «የምንፈልገው ነገር በሥሩ ውስጥ ካለ ሶዳው ሲነካው ይቀላል፤ አንቺ ጨምሪው» አለቻት።  ኢፍቱ ጠብታ በጠብታ ጨመረች። ቆርቆሮ ላይ የደረቀው ጠብታውን ተቀብሎ የእጣቢ መልክ እንደያዘ ቀረ። ጓዳ የደረቀው ግን ሶዳው ሲነካው ደም መሰለ።

«ሙቀቱና ፀሐዩ የጎዱት ይመስለናል፤ እርግጡን ለማወቅ ገና ብዙ እንሠራለን» አለች አስቴር። «ስሙ ግን በሁለቱም ላይ ነው የተጠራው።»

አቶ ሂርጳ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ልጆች፣» አሉ፣ «ለጭርት የምሰጠው መድኃኒት... ቱልት ይባላል።» ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ቱልት? የእኛ አጥር ሥር ሞልቶ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ ይልቅ የሳቁት እርሳቸው ነበሩ።

የወይዘሮ አሳየች ልጅ ጓዳ በደረቀው ሥር ተቀባች፤ በአስቴርም ምክር ጤና ጣቢያ ታየች፣ የራሷም ማበጠሪያ ተለየላት። ክረምቱ ሳይገባ ፀጉሯ በቀለ። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ሥሩን ወስዶ ይመረምር ጀመር። አቶ ሂርጳም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የትኛው ሥር በየትኛው ወር እንደሚቆፈር ለተማሪዎቹ ያስረዳሉ። በአንድ ሰው ጆሮ ተደብቆ ከዚያ ሰው ጋር ሊቀበር የነበረ ዕውቀት ዛሬ በብዙ ልጅ እጅ ነው፤ ሲሳሳትም የሚያርመው አለ። ኢፍቱም ለማትሪክ ተቀመጠች።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ያን ቅዳሜ አባትና ልጅ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ አቶ ሂርጳ ዳገቱ መካከል ቆም አሉ።

«ኢፍቱ፣ አባቴ በጆሮዬ እንደነገረኝ እኔም ላንቺ በወጉ ልነግርሽ ነበር ሐሳቤ። አሁንማ ያገር ልጅ ሰማው።»

«እኔ እኮ አውቀው ነበር አባዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ገና ፊደል ሳልቆጥር። ጓዳ ሲሰቅሉት አይ ነበር።»

«ምለሽልኝ አልነበረም እንዴ?»

«የማልኩት አልተናገርኩም ብዬ ነው እንጂ አላውቅም ብዬ አይደለም።»

 ልጅን ይቅር በይኝ ማለት በእርሳቸው ዘመን አልተለመደም። ደብተሮቿን ከእጇ ተቀብለው ብብታቸው ሥር ያዙና፣ መንደሩ ሁሉ እያያቸው እስከ ቤት ድረስ እርሳቸው ተሸከሙላት።