በሰባት ወሩ ለተወለደው የተላከ ቅቤ

ከመናኸሪያ ወደ ማራኪ ሰፈር በሚሄደው ታክሲ፣ ከፊቴ ጠና ያሉ እናትና አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ቅቤው ልብስዎን እንዳይነካ።»

«ይንካው። ከቆላ ድባ ለልጅ ልጄ አስልኬው ነው። አንጀቱ እንዲለሰልስ ላልሰው።»

«ስንት ቀኑ ነው?»

«አሥራ አምስት። ተቻኩሎ በሰባት ወሩ መጣ እንጂ ሸጋ ልጅ ነው።»

«ምነው እማማ፣ ቅቤ አይስጡት። የኔም በሰባት ወሩ ነው የተወለደው። በሽታ የሚከላከልበት አቅም ገና አልሞላለትም፤ ከእናቱ ጡት ሌላ እንዳይቀምስ፣ እጃችሁንም ሳትታጠቡ እንዳትነኩት ብለውናል ሐኪሞቹ።»

«እኛስ ሁላችን ልሰን አይደል ያደግነው?»

«እርስዎ በዘጠኝ ወርዎ ነዋ የመጡት።»

እማማ ሳቅ አሉ፤ ወዲያው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እኔ እኮ ትናንት ቤት ከነበረው በጣቴ አልሼዋለሁ።»

«ዛሬ ጠባ?»

«ከጧት ጀምሮ እንቢ ብሏል። ሰውነቱም ቀዝቀዝ ይላል። እንቅልፍ ነው ብለን ተውነው።»

«እማማ፣ ይሄ የሚተው አይደለም፤ አሁኑኑ ሐኪም ይየው። ቤታችሁ የት ነው?»

«እዚሁ፣ ከመታጠፊያው አለፍ ብሎ።»

«ወራጅ አለ። ይነሱ፣ አብሬዎት ሄጄ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን።»

ሲጣደፉ መቀመጫው ላይ የረሱትን ቅቤ አንስቼ ጭኔ ላይ እንደያዝኩ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።