ጉዴን ያወጣው ሳሙና

ሃሃሃ… ቆዩ፣ ሳቄ ይውጣልኝ። ዋናው እኮ ገና ነው፣ የጀለብያውን ነገር በኋላ ነው የምትሰሙት። በእኛ ጊዜ፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ እዚሁ ቴፒ፣ ቆሻሻ ያስቸገረው ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ይወረውርበታል፣ ሲሞላ አፈር ያለብሰዋል፣ አለቀ። ታዲያ እኔም ከጓሮዬ፣ ከአጥሩ ሥር አንድ ትልቅ ጉድጓድ ነበረኝ፤ ፌስታሉ እዚያ፣ የልጅ ልጄ ዳይፐር እዚያ፣ ያለቀ ባትሪ እዚያ፣ የሞተች ዶሮ እንኳ እዚያ።

ከአጥሩ ማዶ ዝቅ ብሎ የዘይነባ ግቢ ነው። ዘይነባ ከጅማ በኩል የመጣች ጎረቤቴ ናት፣ ውሃ የምትጠጣውም ከገዛ የውሃ ጉድጓዷ ነው። እና ውሃው መሽተት ጀመረ፣ ልጆቿንም ሆዳቸውን አመማቸው። መጣችና «ብርቄ፣ ቆሻሻሽ እየወረደብኝ ነው፣ ተይልኝ» አለችኝ። እኔ ታዲያ ወገቤን ይዤ፣ «እቴ፣ መሬት የዋጠውን መልሶ አይተፋም። በገዛ ግቢዬ የጣልኩት አጥር ዘሎ መጣብሽ?» አልኳት። እሷም ወደ ግቢዋ ተመለሰች።

እና የእርድ፣ የዚያ የቢጫው ቅመም፣ መንቀያ ጊዜ ደረሰ፣ እኔም እርዴን ቀቀልኩ። እርድ የተቀቀለበት ውሃ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፣ የእንቁላል አስኳል ነው። ያንን በርሜል ሙሉ የት ደፋሁት? እዚያው። የበሰበሰውንም እርድ እዚያው። ታዲያ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ወረደ፣ ኢድም ደረሰ፣ ዘይነባ የባሏን የጋሽ ከድርን ነጭ ጀለብያ በዚያው በጉድጓዷ ውሃ ዘፍዝፋ አሳደረች። ጠዋት ብታወጣው ቢጫ። በሳሙና ብታሸው ቀላ። ቢጫውስ የጭቃ ነው ይባል ነበር፤ ሳሙና ሲነካው የሚቀላ ግን እርድ ነው፣ ይሄን እዚህ አገር ሕፃኑም ያውቀዋል፣ በዚያ ሳምንት ደግሞ በሰፈሩ ከእኔ በቀር እርድ የቀቀለ የለም።

መጣችላችሁ፣ ሳትጮህ፣ ጀለብያውን እንደ ባንዲራ ዘርግታ። ጋሽ ከድር ከኋላዋ ሆኖ፣ ያችን ቀጭን ድምፁን ስቦ፣ «ብርቄ፣ በዚህ ልብስ ሶላት ልሂድ ወይስ ድስት ውስጥ ልግባ?» ይለኛል። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ዘይነባ ግን አልሳቀችም።

«ልጆቼ የጠጡት ይሄንን ነው» አለች።

አካፋዬን አነሳሁ።

ታዲያ እኔው ነኝ ቆፍሬ ያወጣሁት፣ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ፣ ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እያየኝ። ቆሻሻው በጋሪ ከከተማ ወጣ። የእኔ የውሃ ጉድጓድ ከቆሻሻው በላይ በኩል ነውና የእሷ እስኪጠራ ድረስ ከእኔ ቀዱ። የእሷንም ደጋግመን ጨለፍነው፣ የቀበሌያችን የጤና ሠራተኛም መጥታ መድኃኒት ጨመረችበት፣ እና ዘይነባ በየሳምንቱ ነጭ ጨርቅ ትዘፈዝፍበታለች፣ ቢጫ፤ ትዘፈዝፋለች፣ አሁንም ቢጫ፣ እኔም በየሳምንቱ አንገቴን እደፋለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወጣ። የጤና ሠራተኛዋም አሁን ጠጡት አለች። ዘይነባ በአጥሩ ጠራችኝ፣ ብርጭቆ ሙሉ ቀድታ፣ ልጆቿን አስከትላ። ልጆቹ እጃቸውን ሲዘረጉ ብርጭቆውን ወደ እኔ አዞረችና ምን አለችኝ፤

«መጀመሪያ አንቺ ጠጪ፤ ቢጫ ከሆነ ጥርስሽ ላይ እናየዋለን።»