ከተዘጋው ክፍል የሚመጣው መስመር

የቤት ኢንተርኔት የሚሸጠው ሰው ስንት ሰው እንደሚጠቀም ሲጠይቅ፣ ሰብለ ወንጌልንና ልጇን ሔራንን ቆጠረና እማማ ባንቺአየሁን ዘለላቸው። እሳቸው ሶፋው ላይ ተቀምጠው እያዩት ነው። ቤቱን የሠራው ልጃቸው ይትባረክ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ግን ለሻጩ ከሰው ቁጥር አይገባም። ጭራሽ ምራታቸው ሰብለ ወንጌል፣ መስመሩ ደካማ ነው ብላ፣ ትልቁን ጥቅል ልትገዛ ተስማማች።

እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሐይቁ ዳር ወረዱ። ከዋርካው ሥር የይትባረክን ጓደኛ ጥዑመ ልሳንን አገኙት። ፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ያስተምራል፤ ከቀብሩ ወዲህ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም።

«መንገዱ ጠፋህ፣ ወይስ እኔም አብሬ የተቀበርሁ መሰለህ?»

ደጃፉ ድረስ እየመጣ እንደሚመለስ አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። እሳቸውም አጠገቡ ተቀምጠው የሻጩን ነገር አወጉት። ጥዑመ ልሳን ከዋጋው በፊት ስለ ቤቱ ጠየቀ። ይትባረክ የሰርግ ፊልም ሠርቶ አዲስ አበባ ይልክ ስለነበር ትልቅ መስመር ይፈልግ ነበር፤ ዛሬ ማን ምን ይሠራበታል? እማማም መለሱለት፦ ሔራን ትማርበታለች፤ እናቷ ሐሙሲት ካሉ ዘመዶቿ ጋር ትነጋገርበታለች።

«እኔም ቅዳሴ እሰማበታለሁ። አንተም እንዳትዘለኝ።»

«ሦስት ናችሁ፣ እማማ። ለሦስታችሁ የአሁኑም ይበዛል። ለመሆኑ መስመሩን የሚያሰራጨው ሳጥን የት ነው የተቀመጠው?»

የእማማ እጅ ወደ አንገታቸው ሄደ፤ ከማተባቸው ጋር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የልጃቸውን ክፍል ከአርባው ወዲህ ለማንም ከፍተው አያውቁም።

«ከልጄ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ» አሉ በመጨረሻ።

«ቤታችሁ የድንጋይ ነው። መስመሩም እንደ ሰው ድምፅ ነው፤ ከተዘጋ በር ጀርባ ሆኖ የሚጣራ ሳሎን ድረስ አይሰማም። ትልቁን ብትገዙ በሩ ያው በር ነው። ሔራንስ የት ሆና ታጠናለች?»

«ከአባቷ በር ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ። ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ...»

ዓመቱን ሙሉ ልጅቷ እዚያ የምትቀመጠው አባቷ ናፍቋት መስሏቸው፣ አጠገቧ ቁጭ እያሉ ሲያለቅሱ ኖረዋል። ለካ መስመሩ የሚደርሰው እዚያ ብቻ ነው።

«ክፍሉ ሽታው አለበት» አሉ ሐይቁን እያዩ። «ከከፈትሁት ይወጣል።»

«ይወጣል፣ እማማ። አልዋሽዎትም። ግን ይትባረክ ልጁ ሲሚንቶ ላይ ስትቀመጥ ቢያይ፣ በሩን ራሱ ይከፍተው ነበር።»

አብረው ተመለሱ። ሔራን እንደልማዷ በሩ ሥር ነበረች።

«ለትምህርቱ ነው እዚህ የምትውይው?» አሏት።

«መጀመሪያ ለትምህርቱ ነበር፣ እማማ። ኋላ እርስዎ እያለቀሱ አጠገቤ ሲቀመጡ ትቼዎት መነሣት አቃተኝ።»

እማማ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው በሩን ከፈቱት። ጥዑመ ልሳን ሳጥኑን አንሥቶ ገመዱን እየሳበ ሳሎን አወጣው፤ የሔራን ትምህርትም እሷ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ተከፈተ። ሰብለ ወንጌል ሻጩ የተወላትን ወረቀት ዘርግታ ጥቅሎቹን ከጥዑመ ልሳን ጋር አስተያየች፤ ትልቁን ተወችና አነስተኛውን መረጠች። መስመሩ እንቢ ሲላት በላዩ ትሞላው የነበረው የስልክ ካርድም ቀረ። የሚተርፈው የሔራን መጻሕፍት ይገዛበታል ተባለ። ሰው መስመር ሲገዛ ከሻጩ ወረቀት ሳይሆን ከገዛ ቤቱ ቢጀምር፣ ማን ምን እንደሚሠራበት፣ ሳጥኑም የት እንደተቀመጠ ቢያይ፣ ስንት ቤት ከከንቱ ወጪ ይድን ነበር።

እማማ ግን የጥቅሎቹን ወሬ አልሰሙም። ባዶው ክፍል ገብተው የልጃቸውን ጋቢ አነሡና አሸተቱ። የሐይቁ ነፋስ ብቻ ነበረበት።

ሲወጡ ጥዑመ ልሳን ስልኩን ይዞ ያመነታ ነበር። «የመስመሩ ስም አሁንም ‹ይትባረክ› ነው የሚለው። ልቀይረው እንዴ?»

«እጅህን ሰብስብ» አሉት። ወደ ሔራን ዞረው ሶፋው ላይ ከጎኗ ተቀመጡ።

«አንቺ፣ ስልኩን ወዲህ አምጪና አባትሽ የቱ ጋ እንደተጻፈ አሳዪኝ። ከፊተኛው ፊደል ጀምረሽ አስቆጥሪኝ፤ ስሙን ራሴ እስካነበው ድረስ ከአጠገቤ እንዳትነሺ።»