ሰብር ወይስ ስበር

ቃሲም ከሸዋ ሮቢት በታች ካለችው መንደሩ ወደ መስኖው አፍ ሲገሰግስ፣ ከጤና ባለሙያዋ ከጸደንያ ጋር አስፋልቱ ዳር ተገጣጠመ። እሷ የክትባት ሣጥኗን አንግታለች፤ እሱ ገጀራ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በብብቱ ሸጉጧል። እጀታው ግን ወጥቷል። የተናደደ ሰው መደበቅ አይሆንለትም።

“ጋሼ ቃሲም፣ ደህና አደሩ? ወዴት ነው እንዲህ?”

“ውሃዬን ላመጣ!”

ውሃውን በተራ የሚያዳርሰው የውሃ አባት ደምመላሽ የእነ ቃሲምን፣ የአርጎባዎቹን መንደር ተራ ሲዘል ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። “ውሃው የአገሬው ነው፤ መጤ ይጠብቅ” ብሎ። መጤ! ሰባት ቤት አያቶቹ የተቀበሩበት ቃሲም መጤ ተባለ! የዓመት ቀለቡ የሆነው ሽንኩርት ማሳው ላይ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። ይህን ሰምቶ የማይቃጠል ሰው ካለ ደም የለውም።

“እኔም ተቃጥያለሁ” አለች ጸደንያ።

“አንቺማ የነሱ ወገን ነሽ። ሂጂ ወደ ሥራሽ።”

“ወገኔ ስለሆኑ ነው የባሰ የምናደደው። ግን ይንገሩኝ፤ በዚህ ገጀራ ሰው ቢቆርጡ፣ ነገ ገበያ ላይ ‘ውሃ ተከለከሉ’ ተብሎ ይወራል? ‘ገጀራ ይዘው መጡብን’ ነው የሚባለው። በደሉ የእነሱ ነበር፤ በገዛ እጅዎ የእርስዎ ያደርጉታል። አጣዬ የተቃጠለች ጊዜ አይተዋል። ማን ጀመረው ቢባል ዛሬም ሁሉም ጎረቤቱን ነው የሚጠቁመው፤ አመዱ ግን ለሁሉም ደረሰ።”

“እና ሰብር አድርግ ልትይኝ ነው? አያቴ ሰብር አለ፣ አባቴም ሰብር አለ። እኛ ስንታገስ እነሱ መርገጥ ለመዱ!”

“ጋሼ፣ እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። እዚህ የተመደብኩ ሰሞን ሰው ሲጣላ ሽማግሌዎቹ ‘ሰብር! ሰብር!’ ሲሉ፣ ‘ስበር! ስበር!’ የሚሉ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።”

ቃሲም ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

“አሁን ሳስበው ብዙም አልተሳሳትኩም። እናንተ ሰብር ያላችሁት ዝምታን ነው፤ ዝምታ ደግሞ ምንም አይሰብርም፤ እውነተኛው ሰብር ግን በደልን ይሰብራል። ነገ ረቡዕ ተራችሁ አይደል? ወንድ ሴት ሳይቀር ባዶ እጃችሁን መስኖው አፍ ላይ ተቀመጡ። አትምቱ፣ አትሳደቡ፣ ግን እንዳትነሱ።”

“ቢመቱንስ?”

“ሊመቱ ይችላሉ፤ አልዋሽዎትም። እኔም አጠገብዎ እቀመጣለሁ።”

“ደምመላሽንም ውደደው በይኛ!”

“አዎ፣ ይውደዱት። ይሳሙት አላልኩም፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ እውነቱን ይንገሩት። እሱን ቢጥሉ ወንድሙ ይነሳብዎታል። በደሉን ቢጥሉ ግን፣ በደል ደሙን የሚመልስለት ዘመድ የለውም።”

ቃሲም ከረጢቱን እንደያዘ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ንዴቱ ግን አልበረደለትም፤ መብረድም አልነበረበትም።

ረቡዕ ጠዋት አርባ አባወራ ከነሚስቱ ተቀመጠ። ጸደንያም እንዳለችው አልቀረችም። ደምመላሽ መጥቶ ተነሱ ቢል የሚነሳ ጠፋ፤ ዱላውን ቃሲም ትከሻ ላይ አሳረፈው። ቃሲምን መልሶ ለመምታት እጁን በላው። ጥርሱን ነክሶ ቀና አለና፣

“ደምመላሽ፣ ልጅህ የታመመ ጊዜ በእኔ አህያ ነው ሐኪም ቤት የደረሰው። ዛሬም ቢታመም አህያዬ አለች። ድገመኝ፤ ግን ተራዬን ሳትመልስ አልነሳም!” አለ።

ደምመላሽ ዱላውን እንደያዘ ቀረ። ይህን ጊዜ ከላይኛው መንደር ማሳዋን ታጠጣ የነበረችው ፍሬሕይወት ዶማዋን ጥላ መጥታ ከቃሲም ጎን ዘጭ አለች። “በሰው ተራ ያጠጣሁት ሽንኩርት ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ” አለች። እሷን አይተው ሌሎችም መጡ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ደምመላሽ አቀርቅሮ ውሃውን የዘጋበትን ጭቃ በገዛ እጁ አፈረሰ።

ዛሬ ተራው ተጽፏል፤ ከየመንደሩ የተመረጡ ሰዎች ይጠብቁታል። የተቀበረ የለም፣ የታሰረ የለም፣ ሁለቱ መንደሮች ሽንኩርታቸውን ባንድ መኪና ጭነው ገበያ ይወርዳሉ። በገጀራ ቢሆን ኖሮ ይኸኔ ሽንኩርቱን የሚነቅልም ባልተረፈ።

በቀደም ደግሞ የጎረቤቱን የኑዕማንን ማሳ አንዱ ገፋበትና ኑዕማን ድንጋይ አነሳ። ቃሲም ትከሻው ገና እየጠዘጠዘው፣ “ሰብር!” ብሎ ጮኸበት።

“የቱን ነው? ልታገስ ወይስ ልስበር?”

“ሁለቱንም! ድንጋዩን ጣልና ና፣ ድንበሩ ላይ እንቀመጥ!”