መዝጊያ የሌለው ጠመንጃ

(ደብረ ብርሃን፤ የኮሪያ ዘማቹ አሥር አለቃ ወንድይራድ ተዝካር ላይ። የጥንት ጠመንጃ ሰብሳቢው ገሠሠ አንድ ቻይና ሠራሽ ጠመንጃ በትከሻው አንግቶ ከድንኳኑ ጀርባ የሟቹን ልጅ ሸዋዬን ይዟታል።)

ገሠሠ፦ እንዳልሽው ዞሬያለሁ! ይኼን ሁሉ እንግዳ ጠመንጃ አንግቼ ዞሬ፣ «የእኔ አይደለም፣ የወንድይራድ ነው» ብዬ ለፍልፌያለሁ። አሁን መዝጊያውን ወዲህ በይ።

ሸዋዬ፦ ድምፅዎ ግን አነሰ። ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ አልሰሙዎትም።

ገሠሠ፦ ሰምቶማ ነው የተፋብኝ!

ሸዋዬ፦ እሳቸው ከአባቴ ጋር የዘመቱ ናቸው። ጠመንጃውን ሲማርክ አጠገቡ ነበሩ።

ገሠሠ፦ አንቺ ልጅ፣ ቅዳሜ ኤግዚቢሽን አለብኝ። ቻይና ከጃፓን የተዋጋችበት፣ እርስ በርሷ የተላለቀችበት፣ ኮሪያ ድረስ የዘመተችበት ጠመንጃ ሁሉ ተሰብስቦ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። የመሃሉ ቦታ የዚህ ነው። ያለ መዝጊያ ግን አይተኩስም፣ ዱላ ነው።

ሸዋዬ፦ ሌላ መዝጊያ ይግጠሙለታ።

ገሠሠ፦ የመዝጊያውና የጠመንጃው ቁጥር አንድ ካልሆነ ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያየውም! አባትሽ ሲያውሰኝ ነቅሎ አስቀረብኝ። እንደ ሌባ ቆጠረኝ።

ሸዋዬ፦ ወታደር ጠመንጃ ሲያውስ እንደዚያ ነው። ለሳምንት ብለው ወስደው ዓመታት አስቀሩት። ታዲያ ተሳስቷል?

ገሠሠ፦ ዛሬ አምጥቼ የለ?

ሸዋዬ፦ አባቴ የሞተ ዕለት ጠመንጃውን እንዲያመጣ ወንድሜን ልኬብዎት ምን አሉት?

ገሠሠ፦ ለቅሶ ላይ ይቧጨራል አልኩ። ውድ ዕቃ ነዋ!

ሸዋዬ፦ አባቴ ፈረስ አልነበረው፣ ጎራዴ አልነበረው። ለቅሶው ላይ የሚያዝለት እሱ ብቻ ነበር። ወንድሜ ባዶ ትከሻውን ይዞ ዞረ። አንዷ ጎረቤት «ወንድይራድ ሸጦ በልቶት ነው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

ገሠሠ፦ እሺ፣ ዛሬ አየችው አይደል? አፏን ይዛለች። እኔም ተዋርጃለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?

ሸዋዬ፦ ምንም።

ገሠሠ፦ ቃል ገብተሻል!

ሸዋዬ፦ ያለበትን እነግርዎታለሁ አልኩ እንጂ እሰጥዎታለሁ መቼ አልኩ?

ገሠሠ፦ እሺ ንገሪኛ! ገደል ውስጥም ቢሆን ገብቼ አወጣዋለሁ።

ሸዋዬ፦ ከጠመንጃው እጃችን ላይ የቀረው መዝጊያው ብቻ ነበር። ሌላ የምናሲዘው ስላጣን ከከፈኑ ጋር አብረን ጠቀለልነው።

ገሠሠ፦ ምን አልሽ?

ሸዋዬ፦ ቀብሩ ላይ ቢገኙ ኖሮ፣ ከአባቴ ጋር ወደ ጉድጓዱ ስናወርደው ያዩ ነበር።