አይጥ የበላው ጎጆ

የቃል ሰጪው ስም፦ ኦርቪል ስቶንሆርስ
ዕድሜ፦ 71
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት
ሃይማኖት፦ ካቶሊክ
የትምህርት ደረጃ፦ 8ኛ ክፍል፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤት
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የመስኖ ቦይ ጠባቂ
አድራሻ፦ ሞንታና፣ የክሮው ሕዝብ ምድር፣ ከሎጅ ግራስ ከተማ በስተምዕራብ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ ኦገስት 18 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 2፡10
ጉዳዩ፦ ሰኞ ኦገስት 15 ቀን የተመዘገበ የስርቆት አቤቱታ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ኬንድል ፋስትራይደር

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከፍ ብሎ የተመለከተው ግለሰብ፣ ሰኞ ዕለት በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ ቲፒ የሚባለው የድንኳን ጎጆአችን ሸራና አሥራ ዘጠኝ አጣናዎች ከዕቃ ቤቴ ተሰርቀውብኛል ብዬ አመልክቼ ነበር። ዛሬ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ነው። የመጣሁትም በእኔ አቤቱታ ምክንያት ትናንት የተያዘችው ዳርላ ዊንተርሆክ ሌባ አለመሆኗን ለማስረዳት ነው። ከዚህ በፊት የተፈረደባት የገደብ ቅጣት ስላለ፣ አዲስ ክስ ከተመሠረተባት ወህኒ እንደምትወርድና የስድስት ዓመት ሴት ልጇን ወስደው ለሌላ አሳዳጊ እንደሚሰጡባት ሳጅኑ ትናንት ነግሮኛል። ስለዚህ የማውቀውን ከሥሩ ጀምሬ እናገራለሁ።

ዳርላ የሟች ባለቤቴ የሎሬታ የእህት ልጅ ናት። በሚስቴ ወገኖች በሻየኖች ዘንድ የእህት ልጅ እንደ ገዛ ልጅ ስለምትቆጠር፣ ሎሬታን እማማ፣ እኔን አባባ እያለች ነው ያደገችው። እኔ ክሮው ነኝ። የሁለታችን አያቶች ሲገዳደሉ የኖሩ ናቸው። እኔና ሎሬታ ግን በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ሳንታረቅ የቀረነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በጎጆ አተካከል ነው። የእኛ ሰዎች መጀመሪያ አራት አጣና አስረው ያቆሙና ሌላውን በዚያ ላይ ያስደግፋሉ። የእነሱ ሦስት ነው። በተጋባን በመጀመሪያው በጋ ገመዱን ይዤ፣ “ፈረስ በስንት እግሩ ነው የሚቆመው?” አልኳት። እሷም ቀና ሳትል፣ “ፈረስ ይደነብራል። በርጩማ ሲደነብር አይተህ ታውቃለህ?” አለችኝ። ጎጆው በሦስት ቆመ። በሁለታችንም ሕዝብ ሕግ ቲፒ የሴቷ ነው። የምትሰፋው፣ የምትተክለውና የምትነቅለው እሷ ናት፤ ባል በውስጡ የሚያድር እንግዳ ነው። ይህን ሳጅኑም ያውቃል። ይጻፍልኝ ያልኩት ዳኛው ምናልባት ባያውቅ ብዬ ነው።

ተሰረቁ ያልኳቸውን አጣናዎች የመረጠችው ሎሬታ ናት። በ1997 እ.ኤ.አ.፣ በጁን ወር፣ ቅርፊቱ ውሃ ይዞ በቀላሉ በሚላጥበት ጊዜ ወደ ቢግሆርን ተራራ ወጥተን ሁለት ቀን ሙሉ ከጥድ ጥድ ስትዞር ዋለች። ግንዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ጣቶቿ ካልተገናኙ ወፍሯል ትላለች። ከተገናኙ ደግሞ ጉንጯን አስጠግታ ወደ ጫፉ ቀና ብላ ታያለች። ትንሽ የጎበጠ እንደሆነ መታ መታ አድርጋው፣ ይቅርታ ጠይቃው ታልፋለች። የእኔ ሥራ መቁረጥና መላጥ ነበር። የዝናብ ውሃ በላይኛው ቀዳዳ ገብቶ በአጣናው ላይ እየተንሸራተተ ስለሚወርድ፣ ጉጥ ካገኘ እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ በተኛ ሰው ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጉጡን ሁሉ በቢላ አለስልስ ብላኝ ነበር። እኔም አሥራ ሰባተኛው አጣና ላይ ስደርስ ሰለቸኝና አንዲት ጉጥ ዘለልኩ።

የመጀመሪያው ዝናብ የመጣ ቀን ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። ተነሥቼ ቢላ ስፈልግ ሎሬታ፣ “ተዋት፤ የስንፍናህ ናት፣ ተጠመቅባት” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት በጋ፣ አጣናዎቹን በመዳፏ እየዳሰሰች ያቺን ትለይና ከእኔ መኝታ በላይ ታቆማታለች። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። ሲዘንብ እሷ ትስቃለች፣ እኔ ግንባሬን እጠርጋለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሰፈርነው በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ሕዝቡ በየኦገስቱ ጎጆ ተክሎ በሚሰፍርበት በክሮው በዓል ነው። ሎሬታ ታማ ስለነበር የነቀልኩት እኔ ነኝ። ዘንቦ ነበር፤ እርጥብ ሸራ እንደማይጠቀለል እያወቅሁ፣ እሷን ወደ ሐኪም ለማድረስ ቸኩዬ ጠቀለልኩት። በኦክቶበር ወር መጨረሻ ላይ፣ ቤታችን አልጋዋ ላይ ሆና፣ “ሸራውን ለዳርላ ስጣት፤ እጇ ያውቀዋል” አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት። በክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በስተቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ኖቬምበር 9 ቀን ዐረፈች።

በዓመቷ፣ በልማዳችን መሠረት ዕቃዋን ለዘመድ አዝማድ አከፋፈልኩ። ብርድ ልብሶቿን፣ ኮርቻዋን፣ ዶቃዎቿን ሰጠሁ። የልብስ ስፌት መኪናዋን ለዳርላ ሰጠሁ። ሸራውን ግን አልሰጠሁም። ሲጠይቁኝ አይጥ በላው አልኩ። በዚያ ቀን ለስንት ሰው እንዲህ እንዳልኩ አላስታውስም፤ ብዙ ነው።

ለምን ደበቅህ ተብዬ ለተጠየቅሁት፦ የእሳታችን ጭስ በሸራው ውስጥ ስላለ ነው። እሷ እሳቱን በምን እንጨት እንደምታነድ የሚያውቅ አፍንጫ ያውቀዋል። ዕቃ ቤት እየገባሁ ጫፉን ፈታ አድርጌ አሸተው ነበር። ሁለተኛው ክረምት ላይ ግን የሸተተኝ ሻጋታ ብቻ ነው። ያኔም ለማንም አልነገርኩም። በየእሁዱ ቅዱስ ቁርባን እቀበላለሁ፤ ይህን ግን አንድ ቀን ተናዝዤ አላውቅም። ኃጢአት መስሎ አልታየኝም ነበር፤ ኀዘን መስሎኝ ነበር።

በዚህ ዓመት በሜይ ወር ዳርላ ቤቴ መጥታ፣ ለበዓሉ ጎጆ ልተክል ነው፣ የእማማን ሸራ አይጥ እንደበላው ሰምቻለሁ፣ አጣናዎቹን ግን ብትሰጠኝ ሌላ ሸራ እፈልጋለሁ አለችኝ። እኔም፣ አጣናዎቹን በፈለግሽ ቀን መጥተሽ ውሰጂ፣ እኔ ባልኖርም ዕቃ ቤቱ አይቆለፍም አልኳት። ይህን ፈቃድ መስጠቴን ሰኞ ለፖሊስ አልተናገርኩም።

እሁድ ኦገስት 14 ቀን ከቅዳሴ ስመለስ፣ ከቀኑ 6፡30 ገደማ፣ የዕቃ ቤቱ በር ተከፍቶ አጣናዎቹም ሸራውም እንደሌሉ አየሁ። እንደሚመስለኝ ዳርላ አጣናዎቹን ልትወስድ መጥታ፣ መጫኛ ገመድ ስትፈልግ ሸራውን ከአሮጌ ጎማዎች ኋላ አግኝታዋለች። የወሰደችው እሷ መሆኗን ያን ጊዜ አውቅ ነበር ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፦ ራሴም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሰኞ እዚህ ቆሜ ሸራው ከበሩ አጠገብ የተጣፈ ሰማያዊ እራፊ አለበት እያልኩ ሳስመዘግብ፣ የሌባ መልክ በዓይነ ኅሊናዬ አልነበረም። ሆኖም ወደ ጣቢያ ስመጣ በዳርላ ቤት በኩል ያለውን አጭር መንገድ ትቼ በረጅሙ ዞሬ ነው የመጣሁት። ይህን የሚያደርግ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ።

ማክሰኞ ማታ ከእራት በፊት ፍሎይድ የሚባለው ዘመዴ መጣ። የእኔና የእሱ አባቶች የአንድ ጎሳ ልጆች ስለሆኑ፣ በሕጋችን ሳጠፋ በአደባባይ የሚቀልድብኝ፣ እኔም ልቆጣው የማልችለው ሰው ነው። ቆቡን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ፣ “ኦርቪል፣ ምሥራች ልነግርህ ነው የመጣሁት። ያንተ አይጦች ጎጆውን በቦታችሁ ተክለውልሃል” አለኝ። ቀጥሎም፣ “አተካከላቸው እንዴት ያምራል መሰለህ! ሻየን አይጦች ሳይሆኑ አይቀሩም፣ በሦስት ነው ያቆሙት። እኔ ያልገባኝ ግን፣ አይጥ የበላውን ሸራ ሌባ እንዴት አድርጎ ነው የሚሰርቀው? ለፖሊሶቹም ቢሆን ግራ ነው” ብሎኝ ሄደ። የዚያን ዕለት እራት አልበላሁም።

ረቡዕ ኦገስት 17 ቀን ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ላይ፣ ሳጅን ኬንድል በበዓሉ ሰፈር ሲዘዋወር ሰማያዊውን እራፊ አይቶ ንብረቱን እንድለይ ጠራኝ። ጎጆው የቆመው ከወንዙ ዳር፣ ሠላሳ ዓመት በሰፈርንበት ቦታ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። የሰረቀ ሰው እዚያ አይተክልም። ከሩቅ ጫፉን አይቼ በሦስት መታሰሩን፣ የገመዱም ትርፍ ሎሬታ እንደምታደርገው ወደ ውስጥ መቀበሩን አወቅሁ። የሻገተው የታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን ተቆርጦ በአዲስ ሸራ ተተክቷል። ስፌቱ የመኪና ስፌት ነው። የማን መኪና እንደሆነም አውቄአለሁ።

ሳጅኑ ዳርላን አንቺ ነሽ ወይ የወሰድሽው ብሎ ጠየቃት። አዎ፣ እኔ ነኝ አለች። ማን ፈቀደልሽ ሲላት አልመለሰችም። አንድ ጊዜ አየችኝና ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። አጣናውን ውሰጂ ያለኝ እሱ ነው፣ ሸራውንም አይጥ በላው ብሎ ነበር ብላ ብትተነፍስ እኔ ተዋርጄ እሷ ነጻ በወጣች ነበር። በሰው ፊት ሽማግሌን ውሸታም ማለት በእሷ አስተዳደግ የለም። አስተዳደጓ ደግሞ የሚስቴ ነው። ንብረቱ የእርስዎ ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ “አዎ፣ የእኔ ነው” አልኩ። ልጇን በአጠገብ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ትታ ወደ ፖሊሱ መኪና ስትሄድ ዳርላ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ “አባባ፣ ዛሬ እንዳትነቅለው፤ ደመና አለ” አለችኝ።

ሳጅኑ ንብረትዎን ይውሰዱ ብሎኝ ስለነበር ገመዱን ለመፍታት ካስማ ሁለት ነቀልኩ። ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ሳይሞላ ዝናቡ ጀመረ። እርጥብ ሸራ አንድ ጊዜ ጠቅልዬ ምን እንዳደረግሁት ስለማውቅ፣ ካስማዎቹን መልሼ መታሁ፣ የጭስ መውጫውን የሸራ ጆሮዎች ዘጋሁና ወደ ውስጥ ገባሁ። የቲፒ በር ዝቅ ያለ ነው። ሎሬታ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባም ከቤቱ ሲወጣም መጎንበስ አለበት ትል ነበር። ጎንበስ ብዬ ስገባ፣ ለዳርላና ለልጇ በቀኝ በኩል መኝታ አለ። በግራ በኩል ደግሞ የተነጠፈ፣ ማንም ያልተኛበት ሦስተኛ ፍራሽ አለ። ከራስጌው የቆርቆሮ ኩባያ ተቀምጧል። በዚያ ቤተሰብ ማታ ማታ ጥርሱን አውልቆ ኩባያ ውስጥ የሚያኖር እኔ ብቻ ነኝ።

ሸራውን ያገኘች ዕለት ተቆጥታ እንደነበር አልጠራጠርም። ተቆጥታም ቢሆን ቦታዬን አንጥፋለች። በዓሉ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው መጥታ ልትወስደኝ ነበር መሰለኝ። ፍራሹ ላይ ጋደም አልኩ። ሁሉን የሠራውን አምላክ ምን ብዬ እንደምለምነው ቃል ጠፋኝ። ያን ጊዜ ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። እጄን ዘርግቼ ከራሴ በላይ ያለውን አጣና ዳሰስኩ፤ ጉጧ አለች። ከአሥራ ዘጠኝ አጣና ውስጥ ያቺን ለይቶ እዚያ ለማቆም በዓይን ማየት አይበቃም። አንዱ ካንዱ አይለይም። በእጅ የተማረ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያስተማረችውም አንዲት ሴት ናት። ሎሬታ እጇ ያውቀዋል ያለችው ይህን ነው። ቦታዬን ሳልለቅ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ተኛሁ።

ስለሆነም፦ ሸራው ከኦክቶበር 2009 ጀምሮ የዳርላ ዊንተርሆክ ንብረት ነው። ሌላ ሰው ወስዶ ያስቀመጠባት ንብረት ነበር ከተባለ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። አጣናዎቹንም በፈቃዴ ነው የወሰደችው። ሰኞ የሰጠሁት ቃል ሐሰት በመሆኑ የሚገባኝን ቅጣት እቀበላለሁ። ፍሎይድም ዛሬ በሰፈሩ ሕዝብ ፊት እንዲዘልፈኝ አልከለክልም፤ ብከለክልም አይቀርልኝም።

ተጨማሪ ቃል፣ ከጠዋቱ 4፡20 ሰዓት። ከላይ ያለውን ዳርላ ባለችበት እንዲነበብልኝ ጠይቄ ሳጅኑ አስመጥቷት አነበበው። አይጥ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ሳጅኑ ሳል ያዘው፤ ሳል አልነበረም። እኔ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ተነብቦ ሲያልቅ ዳርላ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ከዚያ፣ “ትናንት ዘነበ?” አለችኝ።

“ዘነበ” አልኳት።

“ያቺን ጉጥ ልላጋት እንዴ፣ አባባ?”

“ተያት” አልኳት።

ይህ ሁሉ ሰው ሳያስገድደኝ፣ ከሰኞው ቃሌ በተለየ መልኩ አንዲት ነገር ሳልደብቅ የሰጠሁት ቃል ነው። ሲነበብልኝ ሰምቼ፣ ያልኩት ያልኩት ሆኖ ስላገኘሁት በፊርማዬ አጽንቼዋለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ኦርቪል ስቶንሆርስ

ንባቡን የሰማች፦ ዳርላ ዊንተርሆክ

ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ኬንድል ፋስትራይደር

ማስታወሻ፦ አቤቱታው በአመልካቹ ጥያቄ ተነሥቶ ዳርላ ዊንተርሆክ ከጠዋቱ 4፡45 ሰዓት ተለቃለች። ሁለቱም በአንድ ፒክአፕ ወደ ሰፈሩ ሄደዋል። ኬ.ፋ.