ሁለት ጊዜ የፈላ ውሃ

ዕውቀት ያልመራው ፍቅር የሚወደውን ሰው እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱም በጸጸት ብቻ እንደማይሽር ይህ ታሪክ ያስረዳል።

አቶ ሰይፈሚካኤል ከአዳማ ወጣ ብሎ በወንጂ መንገድ ዳር ባለ ሰፈር፣ በግቢያቸው ጉድጓድ አስቆፍረው የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ። ሰፈርተኛው የተጣራ ውሃ ለማስገባት መስመሩ በግቢያቸው እንዲያልፍ ሽማግሌ ልኮ ሲለምናቸው የልጅ ልጃቸው ሶፊ ገና ጡት አልጣለችም። «ግቢዬ አይቆፈርም፤ ውሃም አለኝ» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው። ሌላ መተላለፊያ ስላልነበረ የቧንቧውም ነገር በዚያው ቀረ።

ሶፊ ሰባተኛ ክፍል በደረሰችበት ዓመት፣ አያትና የልጅ ልጅ ባጃጅ ሲጠብቁ የሳይንስ አስተማሪዋን ዘርፉን መንገድ ላይ አገኟት። ዘርፉ የጎረቤት ልጅ ናትና ከሰላምታ በኋላ ጨዋታ ተጀመረ። በጨዋታው መካከል ሶፊ ሳቀች፤ ወዲያውም አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ይህች ልጅ ዓይን አፋር ሆና ቀረች» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል።

«ዓይን አፋር አይደለችም፣ ጋሼ። የበለዘ ጥርሷን ነው የምትደብቀው። ያበለዘውም የጉድጓድዎ ውሃ ነው።»

«ተይ እንጂ! እኔ እንደ ሌላው ከጉድጓድ ቀድቼ ዝም ብዬ አላጠጣትም። አፍልቼ አቀዘቅዘዋለሁ፤ ደግሜም አፈላዋለሁ። እሳት ያላጸዳውን ምን ያጸዳዋል?»

«እሳት ተሕዋስን ይገድላል፤ በዚህ ይመሰገናሉ። ጥርስ የሚያበልዘው ግን ሕይወት የለውም። ፍሎሪን የሚባል አተም ነው።»

«አተም? እሱ ቦምቡ አይደለም እንዴ? ጓሮዬ ቦምብ ተቀብሯል በይኛ!»

ዘርፉ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ሁሉም ነገር የተሠራው ከአተም ነው፤ እርስዎም፣ እኔም፣ ውሃውም። አተም መካከሉ ላይ አስኳል አለው። በአስኳሉ ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን፣ በዙሪያው ደግሞ ኤሌክትሮኖች አሉ። ሶፊ፣ እስኪ የፍሎሪንን ለአባባ ንገሪያቸው።»

ሶፊ እጇን ከአፏ ሳታነሣ፣ «ፕሮቶኑ ዘጠኝ፣ ኒውትሮኑ ዐሥር ነው» አለች። «ኤሌክትሮን በጣም ቀላል ስለሆነ የአተሙ ክብደት የሁለቱ ድምር ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ይህ ባለ ዐሥራ ዘጠኝ እሳት አይፈራም?»

«አይፈራም፣ ጋሼ» አለች ዘርፉ። «የምድጃ እሳት ቢበረታ በዳር ያሉትን ኤሌክትሮኖች ይነካል እንጂ አስኳሉ ዘንድ አይደርስም። ፍሎሪንን ፍሎሪን ያሰኘው ዘጠኙ ፕሮቶን ነው፤ አንዱ ቢጎድልበት ኦክስጅን በሆነ ነበር። ያን የሚያጎድል ምድጃ ግን ማንም ቤት የለም።»

«እሺ፤ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣላ!»

«ወጥ እሳት ላይ ተረስቶ ሲቆይ ጨዉ ይጠፋል?»

«ምን ይጠፋል፣ ይብስበታል እንጂ! ውሃው እያለቀ…»

ለአቶ ሰይፈሚካኤል ሁለት ጊዜ ፈልቶ የሚጎድለው ማሰሮ ታያቸው። ባጃጁ መጥቶ ቆመ፤ ሳይሳፈሩበት ሄደ።

«እንግዲህ እኔ ያጠጣኋት ከጎረቤት ልጆች የባሰውን ነው።»

«በፍቅር ነው ያደረጉት፣ ጋሼ።»

«ፍቅሬን ተይው። ዛሬ ብታቆም ጥርሷ ይነጣል?»

«አይነጣም። የበለዘው ገና በድዷ ውስጥ ሲሠራ ነው። ፍሎሪን አጥንትንም ይጎዳልና ማቆሟ ለአጥንቷ ግን ይበጃታል። ትንሹ ወንድሟም ቋሚ ጥርሱ ገና አልበቀለም፤ እሱ ይተርፋል።»

ሽማግሌው በዚያው ሳምንት አጥራቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱ፤ መስመሩም በግቢያቸው አለፈ። ዛሬ ሰፈሩ የተጣራ ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ልጆች ጥርሳቸው ነጭ ነው፤ የሶፊም ወንድም አፉን ሞልቶ ይስቃል።

የአቶ ሰይፈሚካኤል ቅጣት ግን ይህ ሆነ፤ ሶፊ አድጋ ከቤታቸው ተድራ እስክትወጣ ድረስ፣ አፏን ሳትሸፍን በፊታቸው ስትስቅ አንድ ቀን እንኳ አላዩም።